ማንም የማይቀመጥበት ወንበር፦ የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲታቀድ ባለጉዳዩ የት ነው?

ነገሩን ከአንድ አግዳሚ ወንበር ልጀምረው።

በ2006 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ ዚምባብዌያዊ ሳይካትሪስት ሀራሬ ውስጥ ግራ ገብቷቸዋል። በአገሪቱ ያሉት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ህዝቡ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ። ከዚያ ቀደም አንዲት ወጣት ታካሚያቸው ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀርታ፣ በኋላ ራሷን አጥፍታለች። እናም ዶክተሩ ህክምናውን ሰዉ ወዳለበት ላውርደው ብለው ተነሱ። ክፍል ጠየቁ፣ የለም ተባሉ። ነርስ ጠየቁ፣ ሁሉም ስራ በዝቶባቸዋል ተባሉ። የተሰጧቸው 14 አያቶች ናቸው። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ፣ ሰፈሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ እናቶች።

ሀሳቡ ቀላል ነበር። አያቶቹ ይሰልጥኑ፣ ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ፣ የጨነቀው ሰው መጥቶ ያውራ። ዶክተሩ ለወንበሩ ያሰቡት ስም "የአእምሮ ጤና ወንበር" የሚል ነበር። አያቶቹ ግን እንዲህ የሚባል ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም አሏቸው። ስለዚህ ስሙ "የወዳጅነት ወንበር" ሆነ። ድባቴ የሚለው የሀኪም ቃልም ወደ ጎን ተተወና ሰዉ ራሱ በሾና ቋንቋ የሚጠቀምበት "ኩፉንጊሲሳ" የሚለው ቃል ተያዘ። ከልክ በላይ ማሰብ እንደ ማለት ነው። እኛም እኮ "ሀሳብ በዛብኝ" ነው የምንለው። ጓደኛውን አግኝቶ "የድባቴ ምልክቶች እየታዩብኝ ነው" ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

በ2016 ስለዚህ ወንበር የተሰራ ጥናት ታተመ። 573 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ውስጥ የድባቴ ምልክት የነበረባቸው 14 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥናቱ የተሰራው በአዋቂዎች ላይ ነው፣ ስለ ወጣቶች ብቻ አይደለም። ያነሳሁት በስሙ ምክንያት ነው። ስም መቀየር አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ግን አያቶቹ ዝም ቢሉ ወይም ወንበሩ ተሰርቶ፣ ጽሑፉ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ቢጠየቁ ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት ባዶ ወንበር ሆኖ ይቀር ነበር።

"ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው" ይባል የለ? ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው። የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲታቀድ ባለቤቶቹን፣ ማለትም ወጣቶቹን፣ ቤተሰቦቻቸውንና አብረዋቸው የሚውሉትን ሰዎች ከመጀመሪያው ማስገባት ምን ማለት ነው፣ እንዴት ይደረጋል፣ የት ላይስ ይበላሻል። ቃሉ "የማህበረሰብ ተሳትፎ" ይባላል። ቃሉ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል፣ አውቃለሁ። ነገሩ ግን አያመጣም።

ፋይል የሌለው ሰው

መጀመሪያ ለምን ወጣቶች ላይ እንደሚብስ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። በህይወት ዘመን ከሚያጋጥሙት የአእምሮ ህመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሶስት አራተኛው ደግሞ የሀያዎቹ አጋማሽ ሳይደርስ ተጀምሯል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። በአጭሩ፣ ነገሩ የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ ነው፣ መያዝ ያለበትም በዚህ ዕድሜ ነው።

ግን አገልግሎቱ እንዴት እንደተሰራ እዩ። በብዙ አገር የህጻናት አገልግሎት አለ፣ የአዋቂዎች አገልግሎት አለ፣ መሀል ላይ 18 ዓመት የሚባል አጥር አለ። አንዲት ልጅ 17 ዓመት ከ11 ወር ሲሆናት ሁለት ዓመት ያወራቻት ባለሙያ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ ሌላ ክፍል ነው የምትሄጂው" ትላታለች። ሌላ ህንጻ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ወረፋ፣ ታሪኩን እንደገና ከሀ መጀመር። እንግሊዝ ውስጥ ይህንን መሸጋገሪያ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ውጤት በአግባቡ ተሸጋገሩ የሚባሉት ከ100 ከ5 በታች መሆናቸውን አሳይተዋል። ልብ በሉ፣ ይህ ገንዘብም ባለሙያም አላት በምትባል አገር ነው። አጥሩ 18 ላይ የቆመው ህመሙ እዚያ ላይ ስለሚቆም አይደለም። ለቢሮው ስለሚመች ነው።

ይህንን አጥር ማን ያየዋል? እቅዱን የሚጽፈው ባለሙያ አያየውም። ክፉ ወይም ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ባለሙያው የሚያውቀው የመጡትን ነው። እፊቱ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ያውቃል፣ ስለሱ ማስታወሻ ይጽፋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ሰው አገለገልን ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። በር ላይ ደርሶ የተመለሰው ልጅ ግን ፋይል የለውም። አንድ ጊዜ መጥታ ሁለተኛ ያልመጣችው ልጅ ፋይል አላት፣ ግን ፋይሉ ላይ የተጻፈው "ቀጠሮዋን አላከበረችም" የሚል ብቻ ነው። ለምን? አልተጻፈም።

ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሮኬት ሳይንስ አይደለም። ክፍሉ የሚከፈተው ተማሪው ትምህርት ላይ ባለበት ሰዓት ነው። መጠበቂያው ወንበር መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ስም ስትጠራ የክፍሉንም ስም ጨምራ በጩኸት ትጠራለች። የመጀመሪያው ፎርም ላይ የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል፣ ልጁ የመጣው ደግሞ በወላጁ ጉዳይ ነው። ወይም ያለችው ብቸኛ ባለሙያ የእናቱ ጓደኛ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር የ16 ዓመት ልጅ በአምስት ደቂቃ ይነግራችኋል። ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ከዚያ እኛ ቁጭ ብለን "ወጣቶች እርዳታ አይፈልጉም፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ ያስፈልጋል" እንላለን። (ይህች "ግንዛቤ ማስጨበጫ" የምትባል ነገር፣ ችግሩ የሰዉ አለማወቅ እንጂ የእኛ አሰራር አይደለም የምንልበት በጣም ምቹ መንገድ ናት።)

ስለዚህ ተሳትፎ ለእኔ ከሁሉ በፊት ፋይል የሌለውን ሰው የመስሚያ ዘዴ ነው። መብትም ነው፣ እሱን አልረሳሁም። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የህጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሀሳቡን የመግለጽና ሀሳቡ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1978 ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት ከተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫም ሰዎች የራሳቸውን ጤና አገልግሎት በማቀድ የመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳላቸው ይላል። ግን መብት ነው ብሎ ብቻ ያደረገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለይስሙላ ነው የሚያደርገው። ካልጠየቅኩ እሳሳታለሁ ብሎ የሚፈራው ነው ከልቡ የሚጠይቅ።

መጠየቅና ማሳተፍ ለየቅል ናቸው

አንድ ስብሰባ አስቡ። ትልቅ አዳራሽ፣ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ማይክሮፎን። እቅዱ በ60 ገጽ ታትሞ ተጠርዟል። አንድ ባለሙያ ለሁለት ሰዓት ያቀርባል። ከዚያ "ወጣቶች ሀሳብ ካላችሁ እጅ አውጡ" ይባላል፣ ከምሳ በፊት 15 ደቂቃ ቀርቷል። አንዱ ደፋር ተነስቶ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል። ፎቶ ይነሳሉ። ሪፖርቱ ላይ "80 ወጣቶች በእቅድ ዝግጅቱ ተሳትፈዋል" ተብሎ ይጻፋል።

ተሳትፈዋል? ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከተጠረዘው እቅድ ውስጥ እነሱ በመምጣታቸው የተቀየረች አንዲት መስመር ካለች አሳዩኝ።

ይህንን ነገር በደንብ የለዩት ሼሪ አርንስታይን የሚባሉ አሜሪካዊት ናቸው። በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መሰሉት። ታች ያሉት ሁለቱ ጭራሽ ተሳትፎ አይደሉም። መሀል ላይ ያሉት መንገር፣ ማማከርና ማባበል ናቸው፣ ለይስሙላ የሚደረጉት። ላይ ያሉት ሽርክና፣ የተወከለ ስልጣንና ሙሉ የዜጎች ቁጥጥር ናቸው። ከታች ሁለተኛዋን ደረጃ አርንስታይን ምን ብለው እንደሰየሟት ታውቃላችሁ? "ቴራፒ"። ሰዎቹን በውሳኔው እናሳትፋችሁ ብሎ ጠርቶ፣ ግን ችግሩ ከአሰራሩ ሳይሆን ከእነሱ ነው ብሎ እነሱኑ ለማስተካከል መሞከር ማለታቸው ነው። ለሌላው ዘርፍ ይህች ምሳሌያዊ ቃል ናት። ለአእምሮ ጤና ግን የዕለት ተዕለት አደጋ ናት። አንድ ወጣት ስብሰባ ላይ ተቆጥቶ "ቀጠሮ ሶስት ወር አስጠብቃችሁኛል" ሲል የቅሬታውን ይዘት ትቶ ቁጣውን እንደ ህመሙ ምልክት መቁጠር በጣም ቀላል ነው። "አይዞህ፣ ስሜትህን ተረድተናል" ይባላል። ልጁ ግን ስሜቱን እንዲረዱለት አልመጣም፣ ወረፋውን እንዲያሳጥሩ ነው የመጣው።

ሮጀር ሀርት የሚባሉ ምሁር ደግሞ በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፉት ላይ ይህንኑ መሰላል ለልጆች አመቻችተው አቀረቡት። ከታች ካሉት ደረጃዎች አንዷን "ጌጥ" አሏት። ልጆች ስለምን እንደሆነ ሳያውቁ ቲሸርት ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ማለት ነው። ይህችን ሳላውቃት አልቀረሁም፣ እናንተም እንዲሁ።

መሰላሉ አንድ ችግር አለበት፣ ሁልጊዜ ላይኛው ደረጃ ይሻላል የሚል ያስመስላል። ሁሉም ውሳኔ በወጣቶች ቁጥጥር ስር ይዋል ማለት አይደለም፣ ሁሉም ወጣትም ያንን ሸክም አይፈልግም። እኔ ይበልጥ የምወደው በ2007 ላውራ ለንዲ የተባሉ የቤልፋስት ምሁር ያቀረቡትን ነው። አራት ነገር ይጠይቃሉ። ልጁ የሚናገርበት ምቹ ቦታ አለ? የሚናገርበት መንገድ ተመቻችቶለታል? የሚሰማው ሰው ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ነው? የተናገረው ነገር ለውጥ ያመጣል? ብዙ ፕሮጀክት ሁለቱን አሟልቶ ሶስተኛው ላይ ይወድቃል። ወጣቶቹ ሀሳባቸውን ለአንድ ደግ አስተባባሪ ይነግራሉ፣ አስተባባሪዋ ታለቅሳለች፣ በጀቱን የሚፈርመው ሰው ግን ሌላ ፎቅ ላይ ነው።

የቱ በር ነው ገና ያልተዘጋው?

አንድ ሰው ስለ ተሳትፎ ሲነግራችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ትልቁ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ የትኛው ውሳኔ ነው ገና ያልተወሰነው? ቦታው ተመርጦ፣ ሰራተኛው ተቀጥሮ፣ ሰዓቱ ተወስኖ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምክክር ስለ መጋረጃው ቀለም ነው። ቀለም መምረጥም ክፉ አይደለም፣ ግን ስሙን እንጥራው።

ማህበረሰቡ ከማንም በላይ የሚያውቃቸው ውሳኔዎች አሉ። አገልግሎቱ የት ይሁን፣ ስሙ ምን ይባል፣ በስንት ሰዓት ይከፈት፣ ሰው ሪፈር ሳይጻፍለት በራሱ እግር መምጣት ይችል እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚቀበለው ማን እንደሆነ፣ ምስጢር እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅ፣ ቀጠሮ የቀረን ሰው እንዴት መፈለግ እንደሚገባ። ሰራተኛ ሲቀጠር አንድ ወጣት ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ጋር ቢቀመጥ ደግሞ ምን ያህል ነገር እንደሚያይ ይገርማችኋል። ባለሙያዎቹ ዲግሪውን ያያሉ፣ እሱ ሰውየው ለልጅ ሲመልስ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያያል።

ባለሙያው የሚወስናቸውም አሉ። የመድኃኒት መጠን በድምጽ ብልጫ አይወሰንም። ለከባድ የስነ ልቦና ቀውስ የትኛው ህክምና እንደሚሰራ በጥናት የሚታወቅ ነገር ነው። ማህበረሰብ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፣ ይህንን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። "የታመመውን እሰሩት" የሚለውም ከማህበረሰብ ነው የሚመጣው፣ "ዲሲፕሊን ነው የጎደለው" የሚለውም እንደዚሁ። ሰውን የሚጎዳ ነገር ብዙሀኑ ስለፈለገው አይደረግም። ድንበሩ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር፦ ይህ ለውይይት ክፍት ነው፣ ይህ አይደለም፣ በጀቱ ይህን ያህል ነው። ሰው እምቢ መባሉን ይችለዋል። የማይችለው ስድስት ወር ስለማይሆን ነገር ሲያወራ መክረሙን ነው።

ቃል ብቻ እንዳይሆን ሁለት ምሳሌ ልስጥ። አውስትራሊያ በ2006 ሄድስፔስ የሚባል ከ12 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሆን አገልግሎት አቋቋመች። ዕድሜውን ልብ በሉ፣ የ18ቱ አጥር የለም። ዛሬ ከ150 በላይ ማዕከላት አሉት፣ የወጣቶች አማካሪ ቡድኖችም የአሰራሩ አካል ናቸው። ካናዳ ውስጥ በ2014 የተጀመረው አክሰስ ኦፕን ማይንድስ የሚባል ፕሮጀክት ደግሞ እርዳታ የጠየቀ ወጣት በ72 ሰዓት ውስጥ ሰው ያግኘው የሚል ግብ አስቀመጠ፣ ወጣቶችንና ቤተሰቦችንም የእቅዱ አካል አደረገ። ነባር ህዝቦች የሚኖሩባቸው ማህበረሰቦችም ነበሩበት። ትላልቆቹ ግቦች ለሁሉም አንድ ናቸው፣ አፈጻጸሙ ግን እንደየማህበረሰቡ ይቀረጻል። ለእኔ ጥሩው አካሄድ ይህ ነው። ግቡ የጋራ፣ መንገዱ የባለቤቱ።

ሄድስፔስን ግን አላጋንነውም። የተደረጉ ግምገማዎች ወጣቶች ወደ አገልግሎቱ መግባት እንደቀለላቸው ያሳያሉ፣ በገቡት ላይ የታየው የጤና ለውጥ ግን በአማካይ ትንሽ ነው። በሩን ማስፋት አንድ ነገር ነው፣ ውስጥ ያለው ህክምና ሌላ ነገር ነው። ተሳትፎ አንደኛውን በደንብ ያስተካክላል። ሁለተኛውን ለብቻው አያስተካክልም።

እንዴት ይጠየቃል?

በጣም የተለመደው መንገድ መጠይቅ ነው፣ በጣም ደካማውም እሱ ነው። መጠይቅ እናንተ ያሰባችሁትን ብቻ ነው የሚጠይቀው። "በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?" የሚል ጥያቄ ደግሞ የሚደርሰው ለመጡት ብቻ ነው። የቀረውስ?

እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ በልምድ ላይ የተመሰረተ የጋራ ንድፍ የሚባል ዘዴ አለ፣ በመጀመሪያ የተሞከረው በካንሰር ህክምና ላይ ነው። አካሄዱ ደስ ይላል። መጀመሪያ ታካሚዎች ለብቻቸው ስለ ህክምና ጉዟቸው ያወራሉ፣ በቪዲዮ ይቀረጻል። ሰራተኞችም ለብቻቸው ያወራሉ፣ እነሱም ብሶት አላቸውና። ከዚያ የታካሚዎቹ ፊልም ተቆራርጦ፣ ልብ የነኩት ቅጽበቶች ተለይተው፣ ሁለቱም ወገን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው አብረው ምን እንቀይር የሚሉት። ለብቻ ማውራቱ ዋናው ብልሃት ነው። ልጅ ሀኪሙ ፊት ሀኪሙን አይተችም። ሰራተኛም አለቃው ፊት እንደዚያው።

ማውራት ለሚከብዳቸው ደግሞ ካሜራ አለ። በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ቻይና ዩናን ግዛት ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር የሰሩበት ዘዴ ነው። ሰዉ ካሜራ ይሰጠዋል፣ ህይወቱን ያነሳል፣ ከዚያ ስለ ፎቶው ያወራል። ለወጣት ይህ ግሩም ነው፣ ካሜራው አስቀድሞ ኪሱ ውስጥ አለ። "ስለ ጭንቀትህ ንገረን" ስትሉት ትከሻውን ይነቀንቃል። "የሚደብርህን ቦታ ፎቶ አንሳና አምጣ" ስትሉት ግን የክፍሉን በር ያመጣል፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ያመጣል፣ የስልኩን ባዶ ስክሪን ያመጣል። ከዚያ ወሬው ራሱ ይመጣል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፣ የሌላ ሰው ፊት ያለበት ፎቶ ያለፈቃድ አይወጣም።

ሌላው ቀላል መንገድ፣ ወጣቱን ወጣት ይጠይቀው። ልጅ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚነግረው ለጓደኛው ነው እንጂ ለተቋም አይደለም። ስለዚህ ሰልጥነው ጓደኞቻቸውን የሚያናግሩ ወጣቶች እናንተ ዓመት የሚፈጅባችሁን በሳምንት ያመጡታል። በቃ፣ ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ማን መጣ? ማንስ ቀረ?

ማህበረሰብ የሚለው ቃል ትልቅ ጆንያ ነው። ወላጅ አለበት፣ አስተማሪ አለበት፣ የሃይማኖት አባት አለበት፣ ፖሊስ አለበት፣ ወጣቱ አለበት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አይፈልጉም።

ትልቁ ግጭት ምስጢር ላይ ነው። ወላጅ "ልጄ ምን እንደሚያወራ ላውቅ ይገባል" ይላል። ልጁ ደግሞ ወላጁ የሚያውቅ ከሆነ አይመጣም። ሁለቱም አልዋሹም። ወላጁ ልጁ አደጋ ላይ ቢሆን ሳልሰማ እቀራለሁ ብሎ ነው የሚሰጋው፣ ልጁ የሚሰጋው ይፈረድብኛል ብሎ ነው። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ ላይ አስቀምጦ ተስማሙ ማለት ልጁን ዝም ማሰኘት ነው። ለየብቻ አነጋግሩ። ብዙውን ጊዜ የሚደረሰው መሀል ላይ ነው፦ የህይወት አደጋ ካለ ለቤተሰብ ይነገራል፣ የተቀረው የልጁ ነው፣ ይህም ከመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም በግልጽ ይነገራቸዋል። ዝርዝሩ በየአገሩ ህግ ይለያያል።

ሁለተኛው ጣጣ ሁልጊዜ የሚመጡት እነዚያው መሆናቸው ነው። ጎበዝ ተማሪ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ የክበብ ሊቀመንበር፣ በአምስት ኮሚቴ ውስጥ ያለ። በእሱ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን ትምህርት ያቋረጠችውን፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው የምታስታምመውን፣ ቤት አልባውን፣ መስማት የተሳነውን፣ ቋንቋው ሌላ የሆነውን አይወክልም። እነዚያን ለማግኘት ወደ እነሱ መሄድ ነው፣ ጥሪ ወረቀት መለጠፍ አይደለም። አንድ ጊዜ መጥተው ለቀሩት ደግሞ ስልክ ደውሎ፣ ሳይወቅሱ፣ "ምን ብናደርግ ይሻል ነበር?" ማለት ይቻላል። ከሁሉም ርካሹ ጥናት ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ እና የሚያደርገው ሰው ብርቅ ነው።

ሶስተኛው ገንዘብ ነው። ስብሰባው ላይ ያለው ባለሙያ ደመወዝ እየተከፈለው ነው የተቀመጠው። ወጣቱ ግን ከትምህርቱ ወይም ከስራው ቀርቶ፣ ለትራንስፖርት ከኪሱ አውጥቶ ነው የመጣው። ለሰዓቱ ይከፈለው። "በጎ ፈቃድ ነው" የሚባለው ፈቃዱ ከአንድ ወገን ብቻ ሲጠበቅ ያስተዛዝባል። ካልተከፈለ ደግሞ የሚመጣው ክፍያ የማያስፈልገው ልጅ ብቻ ነው፣ ወደ ሁለተኛው ጣጣ ተመለስን ማለት ነው።

አራተኛው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ሰው የደረሰበትን ሲናገር ቁስሉ ሊያገረሽ ይችላል። ማንም ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ የህይወቱን መጥፎ ቀን እንዲተርክ መጠየቅ የለበትም። ስለ አገልግሎቱ ጠይቁት፣ ስለ ቁስሉ አይደለም። "በሩ ላይ ምን ገጠመህ?" ማለት በቂ ነው፣ "ለምን መጣህ?" አያስፈልግም። የማወያየት ልምድ ያለው ሰው አጠገብ ይኑር፣ መሀል ላይ ተነስቶ መውጣት እንደሚቻል አስቀድሞ ይነገር፣ በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ እንዴት ነህ ይበለው። የተቀረጸ ነገር ካለም ከዓመት በኋላ ሀሳቡን ቀይሮ "አጥፉልኝ" ቢል የሚጠፋበት መንገድ ይኑር። የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ የፈቀደውን ነገ ስራ ሲፈልግ ሊጸጸትበት ይችላል።

ይሰራል ወይ?

እውነቱን ልናገር። ወጣቶች ያቀዱት አገልግሎት የህመም ምልክትን ይበልጥ ይቀንሳል የሚል ጠንካራ ማስረጃ ገና ብዙ የለም። ለማጥናትም ይከብዳል፣ ሁለት ተመሳሳይ ከተማ ወስዶ አንዱን ጠይቆ ሌላውን አለመጠየቅ እንደ መድኃኒት ሙከራ ቀላል አይደለም። ይበልጥ የሚታየው ሌላው ነው፦ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይመለሳል፣ ሰው ያምናል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጣም ጥሩ ህክምና የያዘ ባዶ ክፍል ማንንም አላዳነም። ግን "ተሳትፎ ሁሉን ይፈታል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥርጣሬያችሁን ያዙ። አንዳንድ ጊዜ ወጣቶች የሚሉት "ባለሙያ ይጨመር" ነው፣ ያ ደግሞ ገንዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 አሀዝ እንደሚያሳየው መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያውሉት ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ይህንን ሳይነኩ ወጣቶችን ስብሰባ መጥራት ብቻውን ወረፋውን አያሳጥረውም።

የራሳችሁን አገልግሎት ለመመዘን ግን የሚያስቸግር ነገር የለም። "ስንት ሰው ተሳተፈ" የሚለውን ትታችሁ "በእነሱ ምክንያት ምን ተቀየረ" ብላችሁ ጠይቁ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሁለተኛ የመጣው ስንት ነው? ከመጀመሪያ ጥሪው እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ ስንት ቀን ፈጀ? ይህንን በየሩብ ዓመቱ ለወጣቶቹ ቡድን አሳዩ፣ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁልም ጭምር።

ተጋብዛችሁ ከሆነ

ምናልባት ከእናንተ አንዱ ነገ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ይጠራ ይሆናል፣ እንደ ወጣት ወይም እንደ እናት ወይም እንደ አስተማሪ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠሪውን ደውላችሁ ጠይቁት። በዚህ ስብሰባ ሊቀየር የሚችለው ነገር ምንድን ነው? ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኖራል? ያልነው ነገር ምን እንደደረሰ መቼና በማን ይነገረናል? ለሶስቱም "እሱን በኋላ እናየዋለን" ብሎ ከመለሰላችሁ፣ መሄድ አለመሄድ የእናንተ ነው፣ ከሄዳችሁም ምን ላይ እንደሄዳችሁ አውቃችሁ ሂዱ።

ጠሪው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ስብሰባው ባለቀ በወሩ አንድ ገጽ ጻፉ። ይህን አላችሁ፣ ይህን አደረግን፣ ይህንን ደግሞ አላደረግንም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሶስተኛዋ መስመር ታሳፍራለች፣ ብዙ ሰው ይዘላታል። ግን ወጣቶቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሷን ነው።